የሻወር ውኃ ማለስለሻ፦ ነጩ ቅርፊት ከእጃችሁ አይደለም



በዚህ እትም ከወትሮው ለየት ያለ ርእስ ይዘን ቀርበናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከምንሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ነው። «አጽድቼው ሲደርቅ ተመልሶ ይነጣል፤ ማዳም ግን አልሠራሽም ትለኛለች» የምትሉን ጥቂት አይደላችሁም። ነጩን ነገር ለማስለቀቅ ስትሉ የተለያዩ ማጽጃዎችን ቀላቅላችሁ፣ ደረታችሁ ተቃጥሎ እያሳላችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብንነጋገርበት ይሻላል ብለናል።

ነጩ ቅርፊት ሊባኖሶች «ኪልስ» የሚሉት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ኖራ ነው። የሊባኖስ ተራራ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ በመሆኑ፣ ዝናቡና በረዶው በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ካልሲየምና ማግኒዥየም የተባሉትን ማዕድናት ይዞ ይመጣል። ውኃው መስታወት ላይ ሲደርቅ ማዕድኑ ይቀራል። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ ያደገች እኅት ይህን አታጣውም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ያው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙው የቧንቧ ውኃ ጨው የተለየለት የባሕር ውኃ ስለሆነ ችግሩ ቀለል ይላል። በሊባኖስና በዮርዳኖስ ግን የታወቀ ነው። በሊትር ከ180 ሚሊ ግራም በላይ ኖራ ያለበት ውኃ እጅግ ኖራማ ከሚባለው ይመደባል።

በአንዳንድ ቤቶች ሻወሩ ላይ የተገጠመው እንደ ትልቅ ጠርሙስ ያለ ዕቃ ይህን ኖራ ለማስቀረት ነው። ውስጡ ሬዚን የሚባሉ፣ ሰርገኛ ጤፍ የሚመስሉ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ። ፍሬዎቹ ኖራውን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ለውኃው ይለቃሉ። ኖራ ሲሞሉ ሥራ ያቆማሉ። ያን ጊዜ ብዙ ጨው ሲገባባቸው ኖራውን ለቀው እንደገና ሶዲየም ይይዛሉ፤ «ቻርጅ ማድረግ» የሚባለው ይኸው ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውኃ በጨው እንደፈወሰ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ያ ተአምር ነው፤ የእኛ ግን የልውውጥ ሥራ ስለሆነ ጨዉ ሲያልቅ ያልቃል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ በሉ፤ ለክርክር ይጠቅማችኋል። አንድ ሊትር ሬዚን ከ50 እስከ 80 ግራም ኖራ ይይዛል እንበል። ዕቃው ሁለት ሊትር ሬዚን ካለው ከ100 እስከ 160 ግራም መሆኑ ነው። ውኃው በሊትር 300 ሚሊ ግራም ኖራ ካለበት፣ ዕቃው የሚያጣራው ከ330 እስከ 530 ሊትር ያህል ነው። አንድ ሰው ሲታጠብ 50 ሊትር ቢያፈስ፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ጊዜ ብቻ ያገለግላል። አራት ሰዎች በየቀኑ በሚታጠቡበት ቤት ሦስት ቀን አይሞላም! ሻጩ «በወር አንዴ» ብሎ ከሆነ ለአንድ ሰውና ቀለል ላለ ውኃ አስቦ ይሆናል። እንግዲህ በአምስተኛው ቀን መስታወቱ ቢነጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

ዕቃው መሙላቱን በሳሙና ማወቅ ይቻላል። በትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሻወሩ ውኃ ግማሽ ያህል ቅዱ። ከወይራ ዘይቱ ሳሙና፣ «ሳቡን ባላዲ» ከሚሉት፣ ጥቂት ፍቃችሁ ጨምሩና በደንብ ነቅንቁ። ብዙ አረፋ ወጥቶ ውኃው ጥርት ካለ ደኅና ነው። አረፋው አልነሣ ብሎ ውኃው እንደ ተበጠበጠ ወተት ከነጣ ጨው ያስፈልገዋል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ግን በኖራማ ውኃም ስለሚያረፋ ያታልላችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማዳምን አስፈቅዱ፤ ዕቃው ውድ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ለመሙላት ሳይሆን ለክሎሪን ብቻ የተሠራ ማጣሪያ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። እንዲህ ያለው ውስጡ ከሰል ነገር ያለበት ነው፤ ጨው ምንም አይፈይድለትም፣ ጊዜው ሲደርስ ውስጡ ይለወጣል እንጂ።

ማለስለሻ መሆኑ ከታወቀ ውኃውን ዝጉና ግፊቱ እንዲወጣ ሻወሩን ለአፍታ ክፈቱት። ከሥር ሳፋ አስቀምጡ፤ ፍሬዎቹ ቢፈሱ ወደ ፍሳሽ እንዳይገቡ ነው። ክዳኑን ፈትታችሁ ከላይ ያለውን ውኃ በቀስታ አፍስሱ። ከዚያም በመመሪያው የተጻፈውን ያህል ጨው ጨምሩ፤ ለትንሹ ዕቃ አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃል። የወጥ ቤቱ ደቃቅ ጨው ይሆናል። ለመጨመር የተቆረጠ የሃይላንድ አፍ ይመቻል። የክዳኑን ጎሚኒ ጠርጋችሁ ግጠሙት፤ የጨው ቅንጣት ከቀረበት ያንጠባጥባል።

ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት የሚፈልግ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ነው። ቀዝቃዛውን ውኃ እንደ ክር ቀጭን አድርጋችሁ ክፈቱ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በዚሁ ይፍሰስ። ውኃውን ቶሎ ከከፈታችሁት ጨዉ ፍሬዎቹን ሳይነካ ያልፍና አንድ ኪሎ ጨው ፍሳሽ ውስጥ ደፋችሁ ማለት ነው። በመጨረሻ በሰፊው ከፍታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ እጠቡት። በጣታችሁ ቀምሳችሁ ትፉት፤ ጨው ጨው ካላለ አልቋል። የሳሙናውንም ፈተና ድገሙ። የጨው ውኃው የበረንዳ አበባ ላይ እንዳይደፋ፤ ያደርቀዋል። ቧንቧው ላይ የተረጨውንም በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ጨው ብረት ያዝጋል።

ከታጠባችሁ በኋላ ገላችሁ ሙልጭልጭ ቢላችሁ ሳሙና ቀርቶባችሁ አይምሰላችሁ፤ የለሰለሰ ውኃ ጠባዩ ነው።

በቤይሩት አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚው ቀውስ ከጀመረ ወዲህ የመንግሥት ውኃ እየተቆራረጠ ብዙ ቤት ከቦቴ ይገዛል። ዩኒሴፍም በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ንጹሕ ውኃ ሊያጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ከባሕር አጠገብ ካሉ ጉድጓዶች የሚቀዳ ውኃ የባሕር ጨው የገባበት ሊሆን ይችላል። ማለስለሻው ደግሞ ኖራን እንጂ ጨውን አያስወግድም፤ እንዲያውም ጨዋማ ውኃ ሲገባበት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ቦቴው በተለወጠ ቁጥር ልዩነት ብታዩ አትደነቁ። የጣሪያው ታንከር ጭቃ ካለበትም ማለስለሻው መግቢያ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። ቤተሰቡ ለበጋ ወደ ተራራ ሄዶ ከሰነበተ፣ ዕቃው ውስጥ የቆየው ውኃ ሊሸት ስለሚችል ሲመለሱ በጨው ሞልታችሁ ብዙ አፍስሱ። በረኪናም ሆነ ኮምጣጤ ዕቃው ውስጥ አትጨምሩ። ከጨው በኋላም ሳሙናው ካላረፋ ፍሬዎቹ አርጅተዋል፤ መለወጥ የማዳም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃታችን እንምጣ። ቀድሞ የተጋገረውን ኖራ ማለስለሻው አያነሣውም። ለሻወሩ ራስ ኮምጣጤ በፌስታል አድርጋችሁ እሱን ውስጡ ነክራችሁ ለጥቂት ሰዓት እሰሩበት። ለመስታወቱ በኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ ለጥፋችሁ ቆዩ፤ በኋላ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። እብነ በረድ ላይ ግን ኮምጣጤም ሎሚም አይንካ፤ ድንጋዩ ራሱ ከኖራ ዘር ስለሆነ ይበላዋል፣ ወዙም አይመለስም።

በረኪናን (ክሎሮክስን) ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በምንም መንገድ አትቀላቅሉ። ከኮምጣጤም ጋር ቢሆን ያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ ዐይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። አሞንያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ መርዝ ይወጣል። «አንዱ አጽድቶ ያልለቀቀውን ሁለቱ ያስለቅቁታል» የሚባለው ውሸት ነው፤ በረኪና ኖራን ከነጭራሹ አይነካም። ማዳም ቀላቅዪ ብትል እንኳ «ጋዝ ይወጣል፣ ልጆቹንም ይጎዳል» በሉ፤ የልጆቹ ነገር ያሳምናል።

ሽታው ካፈናችሁ ዕቃውን ለማፍሰስ አትቆዩ፤ ጥላችሁ ውጡ። የቤቱ በር ከተቆለፈ በረንዳ ላይ ውጡና የመታጠቢያ ቤቱን በር ከኋላችሁ ዝጉ። ዐይናችሁን በብዙ ውኃ እጠቡ። መተንፈስ ካስቸገራችሁ ወይም ሳሉ ካልቆመ በሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይጠራል። ጎረቤትም ቢሆን ጥሩ፤ አትፈሩ።

የማለስለሻው መመሪያ በዐረብኛ ወይም በፈረንሳይኛ ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ እሑድ አምጡልን፤ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እናነበዋለን።