ትርፍ ልብሳችንና ምድራችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መጥምቁ ቅዱስ ዮሐንስ ትርፍ ልብስ ያለው ለታረዘው እንዲያካፍል አስተምሯል (ሉቃ. 3፥11)። ይህን ትምህርት ዘወትር ከምጽዋት ጋር አያይዘን እንረዳዋለን፤ ሆኖም እግዚአብሔር በአደራ የሰጠንን ፍጥረት ለመጠበቅም ይጠቅማል።

አንድ የጥጥ ከናቴራ ለመሥራት፣ ጥጡ ከሚበቅልበት እርሻ ጀምሮ፣ 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ፖሊስተር የተባለው ጨርቅ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ስለሚሠራ ቢጣል በቀላሉ አይበሰብስም። ስለዚህ ያለንን ጠግነን ስንለብስ፣ ትርፉንም ስናካፍል፣ አዲስ የሚመረተውም የሚጣለውም ይቀንሳል።

የጣልነው ዕቃ ከቤታችን ይወጣል እንጂ ከምድር አይጠፋም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፣ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸው ቆሻሻ ተንዶ በአጠገቡ ይኖሩ የነበሩ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል። ክምሩ የመላው ከተማ ነበር፤ የተናደው ግን በድሆች ላይ ነው። እንግዲህ በጥቂት መኖር ባልንጀራን መውደድም ነው።

ለበዓል አዲስ ልብስ ከመግዛታችን በፊት ሣጥናችንን እንክፈት። የሚጠገነውን እንጠግን፤ የማንለብሰውን ሳያረጅ በሰንበት ትምህርት ቤታችን በኩል ለተቸገሩት እናድርስ። የማይለበስ ጨርቅ መስጠት ግን ምጽዋት አይደለም፤ ቆሻሻችንን ወደ ድሃው ደጅ ማዛወር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።