ተረትና እውነታ፦ ከሐርጌሳ የሚወራው «ነብር»

ሶማሌላንድ ውስጥ፣ ሐርጌሳ ላይ «ነብር ተያዘ» ሲባል ብዙ ጊዜ የተያዘው ነብር ሳይሆን አቦሸማኔ ነው። የነብር ዝንጉርጉር መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ይመስላል፤ የአቦሸማኔው ድፍን ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ ከዓይኑ እስከ አፉ የወረደው መስመርም ሲያለቅስ የዋለ ያስመስለዋል። አያገሳም። ደቦሉማ እንደ ወፍ ነው የሚጮኸው፤ ካርቶን ውስጥ የተደበቀ ደቦል ድምፅ የሰማ ሰው ጫጩት መስሎት ቢያልፍ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከፋው ተረት «እናቱ ጥላው የሄደች ደቦል አገኘሁ» የሚለው ነው። እናትየው ልጆቿን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ለአደን ወጥታለች እንጂ አልጣለቻቸውም። ስትመለስ ጎሬው ባዶ ይሆናል። አንዱ ፍየሉ ስለተበላችበት ይወስዳቸዋል፣ ሌላው ገዢ እንዳለ ሰምቶ። ከዚያ ጉዞ ነው፦ ከእኛው ሶማሌ ክልል ጭምር ተነሥተው በሶማሌላንድ አድርገው ባሕሩ ዳር ይደርሳሉ፣ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፣ መጨረሻቸው የባሕረ ሰላጤው ባለጸጋ ግቢ ነው። ብዙዎቹ እዚያም ሳይደርሱ ይሞታሉ። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አዋቂ አቦሸማኔዎች 7 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ይገመታል።

«ከአዘዋዋሪ ከተወረሰ ዳነ፣ ዱር ይለቀቅ» የሚሉም አሉ። ደቦል ከእናቱ ጋር ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ይቆያል፤ አደን የሚማረው ያኔ ነው። ሰው ያሳደገው ቢለቀቅ የሚሄደው ወደሚያውቀው፣ ወደ ሰው መንደር ነው። ስለዚህ የተወረሱት አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ቀላቢ ይሻሉ። መጀመሪያ ሐርጌሳ ከተማ ውስጥ በጊዜያዊ መጠለያ ነበር የሚኖሩት፤ በኋላ የሶማሌላንድ መንግሥትና የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት ከከተማው ውጭ ገድ ዴብሌ ላይ 800 ሄክታር በሚሰፋ ቦታ ማዕከል ሠሩላቸው።

«እንግዲያው ቱሪስት ይምጣና ገንዘቡ ይቀልባቸው» ይባላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይሻላል። ደቦል አቅፎ ፎቶ መነሣት የሚፈልግ ጎብኚና ደቦል የሚገዛ ሀብታም አንድ አምሮት ነው ያላቸው፤ ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ነው። በሌላ በኩል «ጎብኚ የደረሰበት ሁሉ ይበላሻል» ማለትም ልክ አይደለም። ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ላስ ጊል አለ፤ አካባቢው ድሮም የሚያውቀው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 ፈረንሳዮች ለዓለም ያስተዋወቁት የዋሻ ሥዕል። ጎብኚ ፈቃድ ይዞ ይሄዳል፣ አንገታቸው አጊጦ የተሣሉ ላሞችን አይቶ፣ ሳይነካ ይመለሳል። ስሜን ተራሮችም ላይ ስካውቱና ባለ በቅሎው ከጎብኚ ያገኛሉ። ገድ ዴብሌም በዚህ ልክ ቢሆን ያዋጣል፦ ከሩቅ ማየት፣ ከአስረጂ መስማት፣ ማቀፍ ክልክል። ገቢው ያንሳል፤ ይነስ።

ፍየልን ከአቦሸማኔ ለመጠበቅ «አጥር ይበቃል» ለሚለውም አጭር መልስ አለ። አቦሸማኔ በብዛት የሚያድነው በቀን፣ ፍየሏ ከአጥር ውጭ በተሰማራችበት ሰዓት ነው፤ ያኔ የሚጠብቃት እረኛና ውሻ ነው። ናሚቢያ ውስጥ ለከብት አርቢዎች የመንጋ ጠባቂ ውሻ እየተሰጠ ጉዳቱ ቀንሷል።

እናንተም በዚያ በኩል ስታልፉ ብቻውን የተኛ ደቦል ካያችሁ አትንኩት፣ ፈጥናችሁም ራቁ። እናቱ የምትመለሰው ሰው ሲርቅ ነው።