ጭራቅ መጣ ወይስ ጭራቅ መጣች?

ማታ በእሳት ዳር ተቀምጦ ለልጆች ተረት የሚነግር ሰው ጭራቁን ከደጃፍ ከማድረሱ በፊት አንድ ነገር መቍረጥ አለበት፤ ይኸውም «መጣ» ይላል ወይስ «መጣች»? ቋንቋችን ግሡን ያለ ፆታ አይለቅምና። ስለዚህ ጅቡን «አያ ጅቦ»፥ ጦጣዪቱን «እመት ጦጢት» እያልን አደግን። «መጡ» ብሎ በአንቱታ መሸሸግ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጭራቅን አንቱ የሚል ማን አለ? እንግሊዝኛ ግን ለግዑዝና ለእንስሳ የተለየ ተውላጠ ስም ስላለው፥ ጭራቁን ወንድም ሴትም ሳያደርገው ከተረቱ ፍጻሜ ሊያደርሰው ይችላል። እንግዲህ በዚያ ቋንቋ ጭራቁ ሴት ከሆነች፥ ይህ ሰው አስቦ የመረጠው ነው ማለት ነው። ለምን እንደ መረጠው መጠየቅም ተገቢ ነው።

ይህ ጥያቄ ተረትን በጠረጴዛ ዙሪያ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ ሲያከራክር ቈይቶአል። ከእንደዚህ ያሉት ጨዋታዎች እጅግ የታወቀው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሲሆን፥ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. አወጡት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። አጨዋወቱ እንዲህ ነው፦ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው ይናገራሉ። ተራኪው የገጠማቸውን መከራ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም የሚያደርጉትን ይመልሳሉ፤ መሳካት አለመሳካቱ ብዙ ገጽ ያለውን ዳይስ ጥሎ ይታወቃል። የሚዋጉአቸው ፍጥረታት ጠባይና ኀይል ደግሞ በመጽሐፍ ተዘርዝሮአል፤ በ1977 የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እነዚህ ፍጥረታት ብዙዎቹ ከጥንት ሕዝቦች ተረት የተለቀሙ ናቸው። ጠጕርዋ እባብ የሆነችውና ያያትን ሰው ድንጋይ የምታደርገው ሜዱሳ ከግሪኮች መጣች። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ እንደ ተረከው፥ ሜዱሳ አስቀድማ መልከ መልካም ልጃገረድ ነበረች፤ የባሕር አምላክ የተባለው በቤተ ጣዖት ውስጥ በግፍ ደፈራት፤ ቅጣቱ ግን በደፋሪው ላይ ሳይሆን በእርስዋ ጠጕር ላይ ወረደ። በኋላም ፐርሴዎስ ራስዋን ቈርጦ ጀግና ተባለ። ጨዋታው እባቡንና ዐይንዋን ከዚህ ተረት ሲወስድ በደልዋን ግን ከኋላው ትቶታል።

ቲያማትም እንዲሁ ናት። በባቢሎናውያን ተረት የአማልክት እናትና የባሕር ኀይል ስትሆን፥ ማርዱክ ገድሎ ሰውነትዋን ለሁለት ከፍሎ ሰማይንና ምድርን ሠራበት ይባላል። በጨዋታው ግን ዐምስት ራስ ያላት የክፉ ዘንዶዎች ንግሥት ሆነች። በአንጻርዋ የደጋግ ዘንዶዎች ንጉሥ ባሃሙት ቆመ። ሴቲቱ ለክፋት፥ ወንዱ ለደግነት ተመደቡ ማለት ነው።

ባሃሙት የሚለው ስም በዐረብኛ በኩል ከብሔሞት የመጣ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ሰውም እነዚህን ፍጥረታት ያውቃቸዋል። በግእዝ ሙሉ ሆኖ በቈየልን በዚህ መጽሐፍ፥ ሌዋታን የተባለችው አንስታይ በባሕር ጥልቅ፥ ብሔሞት የተባለው ተባዕታይ ደግሞ በዴንዳይን ምድረ በዳ እንዲኖሩ ተለያይተዋል። ፆታቸው በግልጽ ተነግሮአል፤ ነገር ግን አንስታይዋ ስለ አንስታይነትዋ ክፉ፥ ተባዕታዩም ስለ ተባዕታይነቱ ደግ አልተባሉም። እንግዲህ የፍጥረትን ፆታ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ክፋትን ለፆታ ማደል ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ ከጀግኖቹ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ሴት ጀግና ልትደርስበት የምትችለው የጕልበት ልክ ከወንዱ ያነሰ ነበር፤ ይህ ገደብ የተነሣው በ1989 በሁለተኛው እትም ነው። በዚያው ዘመን ግን ቲያማት ነበረች፤ የጥቁር ኤልፎች ጣዖት፥ የሸረሪቶች ንግሥት ሎልዝም ነበረች። በሎልዝ ሕዝብ መካከል ገዦቹ ሴቶች ካህናት ናቸው፤ አገዛዛቸውም በጭካኔ የተሞላ ነው። በ1980 በወጣው ጀብዱ ጀግኖቹ ወደ ገዛ ግዛትዋ ወርደው ይገጥሙአታል። እንግዲህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ልጃገረድ የምትማረውን አስቡት፦ ሴት ጀግና ስትሆን ጕልበትዋ ይለካል፤ ልክ የሌለው ኀይል የሚሰጣት ጭራቅ ስትሆን ነው። አጠገብዋ የተቀመጠው ወንድምዋም ይህንኑ ይማራል።

ፆታን መለወጥም በአስፈሪ ነገር ተቈጥሮ ነበር። በ1979 የወጣው የተራኪዎች መጽሐፍ፥ የታጠቀውን ሰው ወንድ ከሆነ ሴት፥ ሴት ከሆነም ወንድ የሚያደርግ መታጠቂያ ከርጉማን ዕቃዎች ጋር መዝግቦታል። ሰውን በውበቱ የሚያስተው ጋኔን ደግሞ አንድ ጊዜ በወንድ፥ አንድ ጊዜ በሴት መልክ ይመጣል። ለጋኔኑ ፆታው ጭንብል ነው፤ የሚያጠፋው ግን ማታለሉ ነው። በአሜሪካ ስለ ፆታ ማንነት የሚደረገው ክርክር ብርቱ እንደ ሆነ እናውቃለን። ማንም በየትኛው ወገን ቢቆም፥ ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ የሚያስጨንቀውን ሰው ከዚህ ጋኔን ጋር መቍጠር ግን ግፍ ነው። ጋኔኑ ሊያታልል ይመጣል፤ ሰውየው የሚናገረው ስለ ገዛ ኑሮው ነው።

ጸሐፊዎቹም ቀስ በቀስ መንገዳቸውን መርምረዋል። በ2014 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ሜዱሳ የሚሆኑት ዘለዓለማዊ ውበት ተመኝተው ከክፉ ኀይል ጋር የተዋዋሉ ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ ጥፋቱ ከሴትነት ወደ ትዕቢት ተዛወረ። በዚያው ዓመት የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍም የተጫዋቹ ጀግና ወንድ ወይም ሴት በሚል ድንበር ብቻ እንዳይታጠር ፈቀደ። በ2020 ደግሞ አሳታሚው ጥቁር ኤልፎችን የመሰሉ ሕዝቦች በሙሉ ክፉ ተደርገው እንዳይሣሉ እንደሚሠራ አስታወቀ።

«እንግዲያስ ሴት ክፉ በተረት አትኑር ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ኤልዛቤል ክፉ ሴት ናት፤ አክዓብም ክፉ ወንድ ነው። እርስዋን የምንነቅፋት ሴት ስለ ሆነች ሳይሆን ናቡቴን በሐሰት ምስክር አስገድላ የወይን ቦታውን ለባልዋ ስላስያዘች ነው። ክፋቷ ተነግሮአል፤ የተበደለው ሰው ስምም ተጽፎአል። የመልካም ተረት ጭራቅም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከእንዲህ ካለው ጨዋታ ሲመለስ «ጭራቅ ገደልን» ቢላችሁ አትቈጡት፤ ነገር ግን «ምን አድርጎ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መንደር አቃጥሎ፥ ሕፃን ሰርቆ፥ ድኻ በድሎ ከሆነ፥ ልጁ ፍርድን እየተማረ ነው። «መልኳ ያስፈራ ነበር»፥ «ወንድ ይሁን ሴት አልታወቀም» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ግን፥ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ተረቱን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲነግራችሁ አድርጉ።