ፀሐይ የምትታቀፍላቸው እንቁላሎች

ሳዑዲ ውስጥ ደማም ወይም አል ኮባር ኮርኒሽ ላይ በሐምሌ ቀን ጫማውን ያወለቀ ሰው አሸዋው እንዴት እንደሚፋጅ ያውቃል። ያንን ሙቀት ሁለት እናቶች እንቁላል ያሳቅፉታል፤ እስቲ ስሙኝ!

አንዷ አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ናት። በባሕረ ሰላጤው ዋና መራቢያዋ ከጁበይል ማዶ ያለችው የካራን ደሴት ናት። ሌሊት ከባሕር ትወጣና ጉድጓድ ቆፍራ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ አሸዋውን መልሳበት ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ልጆቿን ዞር ብላ አታይም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የተፈለፈሉት ራሳቸው ምሰው ይወጡና ብርሃን ወደሚታይበት አድማስ ይሮጣሉ። ያ ብርሃን ባሕሩ መሆን ነበረበት፤ የሰው መብራት ሲበረታ ግን ወደ የብስ ይስባቸዋል።

ሌላዋ ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት፣ ሸርጣን በወፍራም መንቁሯ የምትሰብር የባሕር ዳር ወፍ ናት። ሳይንስ ድሮማስ አርዲዮላ ይላታል፤ በቤተሰቧ ከእሷ ሌላ ዝርያ የለም። በባሕረ ሰላጤው ደሴቶችም፣ ከምጽዋ ማዶ ባሉት በእኛው ሰፈር የዳህላክ ደሴቶችም ትራባለች። አብዛኞቹ የባሕር ዳር ወፎች ሜዳ ላይ ዝንጉርጉር እንቁላል ሲጥሉ፣ እሷ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አሸዋው ውስጥ ትቆፍርና አንድ ነጭ እንቁላል ትጥላለች። በጨለማ ውስጥ እንቁላሉ ከአሸዋው መመሳሰሉ ምን ያደርግላታል? ዋሻው 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚሞቅ፣ እንቁላሉን ትታ ረጅም ሰዓት ሸርጣን ማደን ትችላለች።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የአብዛኞቹ የባሕር ዳር ወፎች ጫጩት እንደተፈለፈለ ሮጦ ራሱን ይመግባል። የዚችኛዋ ጫጩት ግን ዋሻው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ወላጆቹ ሸርጣን ያመላልሱለታል። መብረር ችሎ ወደ ብርድ ወራት ማሳለፊያው ከሄደ በኋላ እንኳ ምግብ ይለምናቸዋል፤ እነሱም ይሰጡታል።

ሁለቱም በአሸዋ ሙቀት ቢታመኑም ሙቀቱ የሚወስንላቸው ነገር ይለያያል። የወፏ ጫጩት ጾታ ገና እንቁላሉ ሳይጣል የተወሰነ ነው። የኤሊዋን ግን አሸዋው ይወስነዋል፤ 29 ዲግሪ አካባቢ ወንድና ሴት ይመጣጠናሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ እንቁላሉ ይሞታል። ኤሊ ለመውለድ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ስለሚፈጅባት፣ ዘንድሮ ካራን ላይ ወንዶች ቢጎድሉ ባሕሩ የሚያውቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።