የካዛንቺስ ካርታ የሚቀመጠው የት ነው? ከፓቭሎቭ ውሾች እስከ ቶልማን አይጦች

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ጀነራል ሳይኮሎጂ የወሰደ ሰው እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል፦ ቩንት፣ ፓቭሎቭ፣ ዋትሰን፣ ስኪነር፣ ፍሮይድ፣ ፒያዤ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ከተመለሰ ወዲህ ኮርሱ ለኢንጂነሪንጉም ለማኅበራዊ ሳይንሱም ተማሪ የጋራ ስለሆነ፣ ስሞቹን የሚያውቀው ሰው በርክቷል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቁት እንደ ስልክ ቁጥር ተሸምድደው መሆኑ ነው። ፓቭሎቭ ሲባል ውሻ፣ ስኪነር ሲባል ሳጥን፣ ቩንት ሲባል 1879። ፈተናው ሲያልፍ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

እነዚህ ሰዎች ግን የስም ዝርዝር አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን መልስ እየተቀበለ፣ እያረመና እየተቃወመ የመጣ ክርክር ተሳታፊዎች ናቸው። ክርክሩን የያዘ ሰው ስሞቹን መሸምደድ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ክርክር ብቻ መርጠን እስከ መጨረሻው እንከተለው፦ ሰው አንድን መንገድ "አውቀዋለሁ" ሲል ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? መሞከሪያችን ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ ይሁን። ለምን ካዛንቺስ? ብዙ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድበት የነበረው ሰፈር በአጭር ጊዜ ስለተለወጠ ነው።

ክዳኑ ያልተከፈተ ሳጥን

ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕሲግ፣ ጀርመን ውስጥ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ከፈተ። ሥነ ልቦና ከፍልስፍና ተለይታ ራሷን የቻለች ሳይንስ ሆነች የሚባለው በዚህ ዓመት ነው። ከዘዴዎቹ አንዱ የሠለጠነ ሰው ወደ ውስጡ ተመልክቶ የሚሰማውን እንዲናገር ማድረግ ነበር። የዚህ ዘዴ ችግር መሣሪያ ለሚሠራ ሰው ወዲያው ይታየዋል። መለኪያውም ተለኪውም ያው አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ውስጣቸው የተለያየ ነገር ቢናገሩ ማን ልክ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ጽሑፍ የሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ውስጡን ተዉት፣ የሚታየውን ለኩ። ወደ ሰውየው የሚገባው "ማነቃቂያ" ነው፤ ከሰውየው የሚወጣው "ምላሽ" ነው። ሁለቱን መዝግባችሁ ግንኙነታቸውን ፈልጉ። እኛ ኢንጂነሮች "ጥቁር ሳጥን" የምንለው ይህንኑ ነው፤ ክዳኑ ሳይከፈት መግቢያውና መውጫው ብቻ የሚለካ ዕቃ። ይህ አመለካከት ቢሄቪየሪዝም ይባላል፤ የአሜሪካን ሥነ ልቦና ለአሥርት ዓመታት መርቷል።

የቢላ ድምፅና ምራቅ

ዋትሰን የተደገፈበት ትልቅ ግኝት የኢቫን ፓቭሎቭ ነው። ፓቭሎቭ የሥነ ልቦና ሰው አልነበረም። የውሾችን የምግብ መፈጨት ሲያጠና የኖረ ሩሲያዊ ፊዚዮሎጂስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ጥናት ነው። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ምግቡን የሚያስታውስ ነገር ሲያዩ ወይም ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው እንደሚወርድ አስተዋለ።

እስቲ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆማችሁ አስቡት። ቆራጩ ቢላውን ይስላል። ሥጋው ገና አልመጣም፣ እናንተ ግን ምራቃችሁን ዋጣችሁ። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚሰማው ድምፅ በራሱ አያስጎመጅም፤ ሕፃን ልጅ ቢሰማው ምንም አይመስለውም። ድምፁና ሥጋው ደጋግመው አብረው ስለመጡ አንዱ የሌላው መልእክተኛ ሆነ። ሥጋው ሳንማር የምንመልስለት ማነቃቂያ ነው፤ የቢላው ድምፅ ደግሞ ተምረን የምንመልስለት። ድምፁ ብቻውን ደጋግሞ መጥቶ ሥጋው ቢቀር ምላሹ ቀስ በቀስ ይደክማል። ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ የሚባለው በአጭሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመማር ዓይነት ከምናደርገው ነገር ውጤት የሚመጣ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ እንዴት እንደሚወጡ አጠና። ደስ የሚል ውጤት ያመጣ ድርጊት እንደሚደገም፣ ያላመጣው ደግሞ እየቀረ እንደሚሄድ አየ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን ሐሳብ በትክክል ወደሚለካ ሳይንስ አሳደገው፤ ድርጊቱን እንዲደገም የሚያደርገውን ውጤት "ማጠናከሪያ" እንለዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከመስቀል አደባባይ ተነሥታችሁ በእግር ካዛንቺስ ትሄዳላችሁ። ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ ኢሲኤ ጋ ትደርሳላችሁ፣ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ለጠንካራ ቢሄቪየሪስት ይህ ዕውቀት ሰንሰለት ነው። ኢሲኤን ማየት ማነቃቂያ፣ መታጠፍ ምላሽ፣ መድረስ ማጠናከሪያ። ካርታ የሚባል ነገር መጨመር አያስፈልግም። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ሊለካም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለመጣል ደግሞ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል።

አይጦቹ ያለ ሽልማት የተማሩት

ማስረጃውን ያመጣው ኤድዋርድ ቶልማን ነው። መጀመሪያ የተማረው ኤሌክትሮኬሚስትሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ከኤምአይቲ ከተመረቀ በኋላ ነው ወደ ሥነ ልቦና የዞረው። እንደ ዋትሰን ሁሉ የሚለካ ነገር ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሳጥኑ ባዶ ነው ብሎ አላመነም።

እ.ኤ.አ. በ1930 ከሆንዚክ ጋር ያደረገው ሙከራ እንዲህ ነው። ሦስት የአይጥ ቡድኖች በየቀኑ አንድ ውስብስብ መተላለፊያ ውስጥ ይገባሉ። አንደኛው ቡድን መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ምግብ ያገኛል፤ ሁለተኛው በጭራሽ አያገኝም። ሦስተኛው ለአሥር ቀን ያህል ምንም ሳያገኝ ይዞራል፣ ከ11ኛው ቀን ጀምሮ ግን ምግብ ይቀርብለታል። የሰንሰለቱ ሐሳብ ልክ ከሆነ፣ ማጠናከሪያ ስላልነበረ ሦስተኛው ቡድን መማር የሚጀምረው በ11ኛው ቀን ነው፤ ስሕተቱም ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። የሆነው ሌላ ነው። በማግሥቱ፣ በ12ኛው ቀን፣ ስሕተታቸው ድንገት ወርዶ ሁልጊዜ ሲሸለሙ ከነበሩት ጋር እኩል ሆነ። እነዚያን ቀናት በከንቱ አልዞሩም፤ መንገዱን ተምረውት ነበር፣ ዕውቀቱን የሚያወጡበት ምክንያት ግን አልነበራቸውም። ይህም ስውር ትምህርት ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1946 ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ሙከራ ጨመረ። አይጦች በአንድ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ምግብ መሄድ ከተማሩ በኋላ መንገዱ ተዘጋባቸው፤ በምትኩ እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጉ 18 መንገዶች ቀረቡላቸው። ብዙ አይጦች የመረጡት ከተዘጋው አጠገብ ያለውን መንገድ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ምግቡ አቅጣጫ የሚያመራውን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ምግቡ ያለበት ቦታ ላይ መብራት ነበር፣ ስለዚህ አይጦቹ ካርታ ሳይሆን መብራቱን ተከትለው ይሆናል የሚል ትችት ተነሥቷል። ትችቱ ተገቢ ነው። አንድ ሙከራ ብቻውን ክርክር አይዘጋም። ሆኖም ቶልማን እ.ኤ.አ. በ1948 እነዚህንና ሌሎች ውጤቶችን አሰባስቦ "የአእምሮ ካርታ" የሚለውን ሐሳብ አቀረበ፦ እንስሳውም ሰውም የመታጠፊያ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የቦታውን አቀማመጥ ይይዛል።

በእናንተም ሞክሩት። ከኢሲኤ ወደ ካዛንቺስ የሚያስገባው መንገድ ቢዘጋ ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ? "ካዛንቺስ እዚያ ማዶ ነው" ብላችሁ ሌላ መግቢያ ትፈልጋላችሁ እንጂ። ያ "እዚያ ማዶ" የሚለው ቃል ከሰንሰለት አይወጣም፤ ካርታ ይፈልጋል።

ከተማን በምልክት መያዝ

ካርታው የሚሠራው ከምንድን ነው? የከተማ ፕላን ባለሙያው ኬቨን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲንና የሎስ አንጀለስን ነዋሪዎች ከተማቸውን እንዲገልጹና እንዲስሉ ጠይቆ አምስት ነገሮችን ለየ፦ መንገድ፣ ጠርዝ፣ ሰፈር፣ መገናኛና ምልክት። ወደ እኛ ስናመጣው የቦሌ መንገድ መንገድ ነው፤ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ እግረኛ እንደልቡ የማይሻገረው ጠርዝ፤ ካዛንቺስ ወይም ቄራ ሰፈር፤ መስቀል አደባባይ መገናኛ፤ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ምልክት።

አዲስ አበባ ላይ ግን ምልክት ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም አድራሻ የምንሰጠው በጎዳና ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። "ቶታል ጋ ውረድ፣ ትንሽ ከፍ ብለህ ጠይቅ" ነው የምንባባለው። ምልክቱ ከሄደ በኋላ እንኳን ስሙ ይቀራል። ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው "የባቡር ጣቢያ" የመጣ ነው፤ ዛሬ የጅቡቲ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ቢሆንም ስሙ ከቦታው አልተነቀለም። ካዛንቺስ ራሱ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው "ካዛ ኢንቺስ" ከሚባሉ ቤቶች የተወረሰ ስም ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት

ቶልማን ካርታውን ያየው በባህሪ በኩል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ኦኪፍና ባልደረባው አይጥ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚተኩሱ የነርቭ ሴሎች እንዳሉ ዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር ቦታን እንደ መረብ የሚከፋፍሉ ሴሎችን አገኙ፤ ኦኪፍና ሁለቱ ሞዘሮች እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በሰውም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ኤሊነር ማጓየር የመራችው ጥናት የለንደን ታክሲ ሹፌሮች የሂፖካምፐስ የኋለኛ ክፍል ከሌሎች ሰዎች እንደሚተልቅ፣ ከሥራ ዘመናቸው ጋርም እንደሚያያዝ አሳይቷል። የተዘጋው ሳጥን ውስጥ በእርግጥም ካርታ የመሰለ ነገር ነበረ።

መሬቱ ሲለወጥ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ተነሥተው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ አዳዲስ መንደሮች ሄዱ። አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ መንገዶች ሰፉ። ልማቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ አይደለም። የእኛ ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ካርታው ሲቀር መሬቱ ሲሄድ ሰው ምን ይሆናል?

ለዚህ የቀረበ ጥናት አለ። ቦስተን ውስጥ ዌስት ኤንድ የሚባል የዝቅተኛ ገቢ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ሥነ ልቦና አጥኚው ማርክ ፍሪድ ነዋሪዎቹን ከመነሣታቸው በፊትና ከተነሡ በኋላ አነጋግሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1963 አሳተመ። ካነጋገራቸው ሴቶች 46 በመቶ ያህሉ ላይ ከበድ ያለ ሐዘን አገኘ፤ ሰው የሞተበት የሚያዝነውን የመሰለ። ሌላው ግኝቱ ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። ሐዘኑ ከቤቱ ጋር ብቻ የተያያዘ አልነበረም፤ ሰፈሩን ሰፋ አድርገው የሚያውቁና የኔ የሚሉ ሰዎች ሐዘናቸው የበረታ ነበር። በእኛ ቋንቋ ስንለው፣ ካርታው ሲሰፋ ጉዳቱም ሰፋ።

ቦስተን ካዛንቺስ አይደለም፤ ቁጥሩን ገልብጦ እዚህ መለጠፍ አይቻልም። ጥያቄው ግን ይሻገራል። አዲስ ቤት ውኃና መብራት ስላለው ብቻ "ምን ጎደላቸው?" ማለት ሰውን እንደ ጥቁር ሳጥን ማየት ነው፤ የገባውን እንጂ ውስጥ ያለውን አይቆጥርም። አንዲት እናት የትኛው ሱቅ በዱቤ እንደሚሰጥ፣ እድሩ የት እንደሚሰበሰብ፣ ልጅ ሲያማት ማንን በር እንደምታንኳኳ የሚያሳይ ካርታ አላት። እንደ ቶልማን አይጦች ይህን ሁሉ የተማረችው ማንም ሳይሸልማት፣ እየተመላለሰች ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ገለጻ አይተካም፤ አዲሱንም ሰፈር የምትማረው እየተመላለሰች ነው። መውጫ ምክንያት፣ በእግር የሚደረስበት ገበያ፣ የድሮ ጎረቤት አጠገብ መኖር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለፈተና ለምትዘጋጁ አንድ ነገር ልበል። ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ሊያውቅ ፈለገ? ምን ለካ? የቀደመው ሰው ሐሳብ የትኛው ውጤት ላይ ተሰናከለ? ቩንት ውስጡን ጠየቀ፣ ዋትሰን ውስጡን ዘጋው፣ ቶልማን ከውጭ ሆኖ ውስጡ ባዶ አለመሆኑን አሳየ፣ ኦኪፍ ከፈተው። ፍሮይድንና ፒያዤንም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ሞክሯቸው።

ለፈተና የማትዘጋጁ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ካዛንቺስ ወይም ቂርቆስ ያደገ አንድ ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ሰፈሩን እንደሚያስታውሱት እንዲስሉላችሁ ጠይቋቸው። ሚዛኑ ይዛባል፤ ግድ የለም። መጀመሪያ የሚስሉትን ምልክትና ወረቀቱ ላይ ብዙ ቦታ የሚወስደውን ነገር ተመልከቱ። ከዚያ "እዚህ ጋ ማን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ።