ራሷን ለምን እንደሚያማት ማን ጠየቃት?

በእንጅባራ ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ተራ ይዤ ነበር። ከፊቴ የደንብ ልብስ የለበሰች፣ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ተማሪ ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ የመድኃኒቱን ስም አልጠራችም። «የተለመደውን ስጪኝ» አለች። አሥር ፍሬ ፓራሲታሞል ተሰጣት፤ ሁለቱን እዚያው ያለ ውኃ ዋጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?» አልኳት። «ከዘጠነኛ ክፍል» አለችኝ። አሁን አሥራ አንደኛ ናት። ታክማ ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት «አራት ጊዜ ታይፎይድ ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ። ግን ቅዳሜና እሁድ አገር ቤት ስሄድ ይተወኛል» ብላ ደብተሯን ታቅፋ ሮጠች። «የተለመደውን» ያለችው ቃል ግን ከጆሮዬ ሳትጠፋ ዳንግላ ድረስ አብራኝ መጣች። በዚህ ዕድሜ ሕመም እንዴት ይለመዳል?

ዳንግላ ላይ በጤና ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ሰፈሩ ዛሬም «ድሬሰሩ» የሚላቸው አዛውንት አገኘሁ። ስሜ አይጠቀስ ብለውኛል። ነገሩን ስነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ራስ ምታት ደጅ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። ክኒን ሰጥተህ ብትመልሰው ነገም ይመጣል። በሩን ከፍተህ ማነህ ካላልከው ስሙን አይነግርህም።»

ጋሼ ድሬሰሩ ራሱን ያመመው ወጣት ሲመጣላቸው ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ራሱ አልነበረም። «የት ነው የምትተኛው? ከማን ጋር? ሌሊት ምን ታነዳላችሁ? እላለሁ። ሦስት ልጆች በአንዲት ክፍል፣ መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት የተወተፈ፣ መሐል ላይ ከሰል። ጠዋት ሦስቱም ራሳቸውን ይዘው ይነሳሉ። ሦስት ሰው በአንድ ሌሊት ታይፎይድ ይይዘዋል?»

እንጅባራና ዳንግላ ያሉባት አዊ የከሰል አገር ናት። በፋግታ ለኮማ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለውን የአውስትራሊያ ግራር በማሳው ሲተክል ኖሯል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ ከፍ ሲል ሥሩ የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ተቆርጦ በአፈር ተዳፍኖ ይከስላል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ስለሚመልስ አሲድ ያዳከመውን መሬት አገግሞ እንዲያበቅል ረድቶታል። ከሰሉ በጆንያ እየታሰረ አዲስ አበባ ድረስ ሲጫን ኖሯል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅም ከተማ ገብቶ የተማረው በዚሁ ዛፍ ነው። ከገጠር ወጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን በሳምንት እየተሸከመች የምትማር ልጅ ከስንቁ ጋር አንድ ፌስታል ከሰል ብትይዝ አይደንቅም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ሌሊቷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት።

ብዙ ሰው «ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ አይጎዳም» ይላል። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የቀላ ፍም ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ይህ ጋዝ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስስ በመሆኑ ጉዳቱ ይብሳል። በትንሹ ሲገባ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሲበዛ ከእንቅልፍ ሳያነቃ ይገድላል። ንጹሕ አየር ላይ የወጣ ሰው ግማሹን ለማስወጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በኦክስጅን ጭምብል ግን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ወተት ማጠጣቱ አያድነውም፤ በር መክፈትና ጤና ተቋም ማድረስ ግን ያድነዋል።

የልጅቷ ሕመም በትክክል ከከሰል ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። አገር ቤት ስትሄድ ይተዋል ማለቷ ግን ማንም ሊከተለው የሚገባ ፍንጭ ነበር። አራት ጊዜ ስትታከም የት እንደምታድር የጠየቃት ይኖር ይሆን?

አራት ጊዜ የተሰጣት ታይፎይድ የሚል ስም ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ምርመራ የታካሚውን የደም ውኃ (ሴረም) ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር አቀላቅሎ ባክቴሪያው መጓጎሉን ያያል። ኤድመንድ ዋይልና አርተር ፌሊክስ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ለታይፈስ ተመሳሳይ መላ አገኙ። ሁለቱ ምርመራዎች ዛሬም በአገራችን ክሊኒኮች ጎን ለጎን ይታዘዛሉ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ጥንድ ስም በየቤቱ የተለመደው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የቆየ በሽታ ወይም ሌላ ተሕዋስ የተወው ፀረ አካልም ባክቴሪያውን ሊያጓጉለው ይችላል፤ የአንድ ጊዜ ዊዳል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚያረጋግጠው ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው። ትኩሳት ሳይኖር ለዓመታት የሚመላለስ ራስ ምታት ደግሞ የታይፎይድ ጠባይ አይደለም።

ጋሼ ድሬሰሩ በዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ ይላል። «ወረቀቱ ላይ ፖዘቲቭ የሚል ቃል ካለ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሐኪሙ ስም አገኘ፤ እናት ገንዘቧ ከንቱ አልቀረም አለች፤ ልጅቷ ግን ራሷን ይዛ ተመለሰች።»

ስም ያጣው ሕመም ብዙ ጊዜ ማይግሬን ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ15 ሺህ በላይ የገጠር ነዋሪ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከመቶው 3 ያህሉ ማይግሬን እንዳለበት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ 17.7 ከመቶ አለ። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ባይሆኑም፣ ምን ያህል ሰው በዝምታ እንደሚሠቃይ ያሳያሉ። ማይግሬን በግማሽ ራስ እየመታ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፤ ለሰዓታት፣ ሲብስም እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። አገራችን ምች ብላ በዳማከሴ፣ ከዚያም አልፋ በዋግምት ስትታገለው የኖረችው ሕመም ከፊሉ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ክኒኑም ራሱ ሕመም ይሆናል። እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራስ ምታቱን መልሶ ሊወልድበት ይችላል። እንደ ትራማዶል ባሉት ደግሞ በወር 10 ቀን ይበቃል። መፍትሔው በባለሙያ ምክር ማቆም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ከዚያ ይቀላል። ማይግሬኑ ለሚደጋገምበት ደግሞ ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፕሮፕራኖሎል ያሉ፣ ውድ ያልሆኑ መከላከያዎች አሉ።

የቀሩት ምክንያቶች ቀላል ናቸው። ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጠብ ተማሪ መነጽር ያስፈልገዋል። ቁርስ ሳይበላና ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ራሱን ያመዋል። ቡና የለመደ ሰው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ እንኳ ቢቀርበት ሐራራው ራሱን ይይዘዋል። በፈተና ሰሞን የሚጎድል እንቅልፍም አለ።

ወደ ከሰሉ ልመለስ። በከሰል ታፍነው ወደ ጤና ተቋም የሚመጡ ሰዎች ለብቻ ይመዘገቡ እንደሆነ አንድ የሥራ ኃላፊ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነኝ አሉኝ፤ ሁለተኛ በደብዳቤ አቅርብ አሉኝ፤ ደብዳቤው ከገባ በኋላ ስልካቸው አልተነሳም። ያልተቆጠረ ችግር በጀት አያገኝም፤ የሚከፍሉለትም ከክፍል የሚቀሩት ልጆች ናቸው።

ለወላጅ፣ ለአከራይና ለመምህር የምለው አለኝ። ሳይተኙ በፊት ከሰሉ ከቤት ይውጣ፤ ከመስኮቱ ላይ ከረጢቱ ይነሳ። ልጁ ያመመውን ቀን፣ የበላውንና የዋጠውን ክኒን ለአንድ ወር በደብተር ይጻፍና ለሐኪም ያሳይ። ራስ ምታቱ በድንገት እንደ መብረቅ ከመጣ፣ ከትኩሳት ጋር ማጅራት ካደረቀ፣ እጅ እግር ካሰነፈ፣ ዓይን ከጋረደ፣ ከጣለ፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከሆነ ግን ደብተር አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ከጃዊ ቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘውም ወባ ይመርመር።

ጋሼ ድሬሰሩ ሲሸኙኝ «ክኒኑ በሳንቲም ይገዛል፤ ጥያቄው ግን በነጻ ነው። እኛ ነጻውን ነው የነፈግናቸው» አሉኝ። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ አንዱ ራሴን አመመኝ ካለ፣ እጃችሁ ወደ ክኒኑ ከመሄዱ በፊት ትናንት የት እንዳደረ ጠይቁት።