ኳስ የሚሆነው ትንሽ ፍጥረት መዥገር አይደለም

በጊቫት ኦልጋም ሆነ በቤት ኤሊዔዘር የአበባ ማሰሮ ያነሣ ሰው ከሥሩ ግራጫ ትንሽ ፍጥረት ሲወጣ፣ ሲነኩትም እንደ ሽንብራ ድብልብል ሲል ሳያይ አይቀርም። አንዳንድ እናቶችና አባቶች መዥገር ይመስላቸውና መርዝ ይነፉበታል። መዥገር አይደለም። ሰው አይነክስም፣ ደምም አይመጥም። የልጅ ልጆቻችሁ በመዳፋቸው ቢይዙት ችግር የለውም፤ እጃቸውን ይታጠቡ እንጂ።

መለየቱ ቀላል ነው። ያደገ መዥገር እግሩ 8 ነው፤ የዚህኛው 14፣ በግራ 7 በቀኝ 7። መዥገር እንደ ኳስ አይጠቀለልም። ከኋላው ሁለት አጫጭር ጭራ መሳይ ነገሮች ጎልተው ከወጡ ደግሞ የማይጠቀለለው ዘመዱ ነው፤ እሱም አይጎዳም። አንዳንዱ ግማሽ አካሉ ነጣ ብሎ ይታያል። ቅርፊቱን እየቀየረ ነው፤ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀን ቆይቶ የፊቱን ይጥላል። ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያያችሁት ግን በቫይረስ የታመመ ሊሆን ይችላል።

ወገኑ ከጥንዚዛ ሳይሆን ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ነው። (ስለዚህ ኮሸር አይደለም፤ የሚበላው ባይኖርም!) የሚተነፍሰው በሆዱ ሥር ባሉ አካላት ሲሆን፣ እነሱ ከደረቁ ይሞታል። በዕብራይስጥ ስሙ ታሐቪት ነው፤ ከርጥበት የመጣ ስም ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በሆዷ ሥር ባለ ከረጢት ይዛ ትዞራለች።

አርማዲሊዲየም ቩልጋሬ የሚባለው ዓይነት የሜዲትራኒያን አካባቢ ተወላጅ ነው። ከአፈርና ከችግኝ ጋር ተጭኖ ሰሜን አሜሪካና አውስትራሊያ ድረስ ተሻግሯል። እዚያ መጤ ነው፣ እዚህ ባለአገር። አርማዲሎ ኦፊሲናሊስ የሚባለው ሌላው የእስራኤል ነዋሪ ደግሞ ሲነኩት እግሩን አፋትጎ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ስሙ የቀድሞ መድኃኒት ቤቶችን ያስታውሳል፣ በዱሮ ዘመን ለመድኃኒት ይውል ነበርና።

ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ካያችሁ ጠርጋችሁ አውጡ፤ ደረቅ ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም። በየጊዜው በብዛት ከመጣ ግን መርዝ አትግዙ፤ በመታጠቢያ ቤት ወይም በግድግዳ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ እንዳለ አስፈትሹ። እርጥበቱና ሻጋታው በተለይ አስም ላለበት ሰው ከዚህ ፍጥረት ይልቅ ይጎዳል።

የሚበላው በአብዛኛው የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ አፈሩንም ያለማል። ገና የበቀለ የጎመን ወይም የቃሪያ ችግኝ ግን ሊቆረጥም ይችላል። ማታ ማታ ስለሚወጣ ችግኙን ጠዋት አጠጡ፤ ሲመሽ የአፈሩ ፊት ደርቆ ይጠብቀዋል።